ልብና ላባ በአንድ ሚዛን

ባለፈው ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል ነው። በሰፈራችን ካሉት እህል ቤቶች በአንደኛው ጤፍ ልገዛ ተሰልፌአለሁ። ነጋዴው ማዳበሪያውን ወለል ላይ በተቀመጠው ሚዛን ላይ እያወጣ፣ ቁጥሩን ጮክ ብሎ እየተናገረ፣ ገንዘቡን እየተቀበለ ደንበኞቹን ይሸኛል። ተራዬ ደርሶ ስጠጋ አንድ ነገር አየሁ። የነጋዴው የግራ እግር ጫፍ የሚዛኑን ጠርዝ ጫን ብሎታል። «ሃያ አምስት ኪሎ!» አለ። ሃያ አምስት እንዳልሞላ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቄአለሁ። ሆኖም ከፈልሁ። ለሁለት ኪሎ ጤፍ ከሰው ጋር አፍ መካፈት አልፈለግሁም። ማዳበሪያዬን አቅፌ ዘወር ስል ከኋላዬ የነበሩት ነጠላ የተከናነቡ እናት ተራቸው ደረሰ። እግሩ እዚያው ነው።

«በሕግ አምላክ! እግርህን አንሳ!» አሉት።

ሰውዬው ትከሻው የሰፋ ጎልማሳ ነው፤ እናትየዋ ግን ነፋስ የሚጥላቸው ዓይነት ናቸው። በአካባቢው ፖሊስ የለም፤ የቀበሌ ሰው የለም፤ ከሳቸው ጋር የመጣ ጎረምሳ የለም። ነጋዴው ግን እሳት እንደነካው ሰው እግሩን ሰበሰበ። ሰልፉ ጸጥ አለ። እሳቸው ጤፋቸውን በትክክል አስመዝነው፣ ሒሳባቸውን ከፍለው ሲወጡ ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ አንተም አይተኸው ነበር አይደል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ይህ ጽሑፍ የተወለደው ከዚያ ጥያቄ ነው። ያንን እግር ከሚዛኑ ላይ ያነሳው ኃይል ምንድን ነው? ሕግ አስፈጻሚ በቦታው አልነበረም። ነጋዴው በልቡ ፈሪሃ እግዚአብሔር ቢኖረው ኖሮ መጀመሪያውኑ እግሩን ባላሳረፈው ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ ያስደነገጠው ሌላ ነው። እሱ ባያምንበት እንኳ የተሰለፈው ሰው ሁሉ በሁለቱ ቃላት እንደሚያምን ያውቃል። አንድ ኅብረተሰብ በጋራ የያዘው እሴት ማለት ይኸው ይመስለኛል። ወረቀት ላይ ሳይሆን በሁሉም ሰው ጆሮ ውስጥ የሚኖር፣ ሲጠሩት «አቤት» የሚል ነገር ነው።

እንዲህ ያለው የጋራ እሴት ሃይማኖትን እንዴት ይቀርጻል? መንግሥትንስ እንዴት ያቆማል? ሲናድስ ምን ይሆናል? የጥንት ሥልጣኔዎችን ታሪክ በዚህ ዓይን ሳገላብጥ ማረፊያዬ ጥንታዊት ግብፅ ሆነች። ግብፆች ለዚህ ነገር ስም ሰጥተውት፣ ሥዕል ሥለውለት፣ ሚዛን ላይም አውጥተውት ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ኖረውበታልና። ስሙ ማአት ይባላል።

ከወንዙ የተማሩት

ማአትን በአንድ የአማርኛ ቃል መተርጎም ያስቸግራል። እውነት ነው፤ ፍትሕ ነው፤ ሥርዓት ነው፤ ነገር ሁሉ በየቦታው መሆኑ ነው። ተቃራኒው ኢስፌት ይባላል፤ ውሸትን፣ ግፍንና ትርምስን ባንድነት የሚጠራ ቃል ነው። ለጥንታዊው ግብፃዊ ፀሐይ በሰዓቷ መውጣቷ፣ ወንዙ በወሩ መሙላቱ፣ ዳኛ ጉቦ አለመብላቱ፣ ልጅ አባቱን በወግ መቅበሩ የተለያዩ ጉዳዮች አልነበሩም። ሁሉም ማአት ናቸው። እኛ «የተፈጥሮ ሕግ» እና «የሰው ሕግ» ብለን ለሁለት የምንከፍለውን እነሱ በአንድ ቃል ይጠሩት ነበር።

ይህ አስተሳሰብ ከየት መጣ ቢባል ብዙ ተመራማሪዎች ጣታቸውን ወደ ወንዙ ይቀስራሉ። ግብፅ ዝናብ የላትም ማለት ይቻላል። በየዓመቱ በበጋው ሐሩር መካከል ግን ዓባይ መሙላት ይጀምር ነበር። ወራት ቆይቶ ሲሸሽ ጥቁር ደለል ትቶ ይሄድ ነበር፤ በደለሉም ላይ ይዘራ ነበር። አገራቸውን «ከሜት»፣ ጥቁሯ ምድር፣ ያሏት ከዚሁ የተነሳ ነው። ውሃው ከየት እንደሚመጣ አያውቁም ነበር። በአስዋን አጠገብ ከምድር በታች ካለ ዋሻ ሃፒ የተባለው የጎርፍ አምላክ የሚለቀው ይመስላቸው ነበር። ዛሬ እንደሚታወቀው ከዚያ ጎርፍ አብዛኛው ውሃ፣ ከደለሉም ከሞላ ጎደል ሁሉም፣ የኛ ክረምት ከደጋው ምድራችን አጥቦ በዓባይና በተከዜ የሚልከው ነው። የኛ ገበሬ ክረምቱ ገባ ብሎ ሞፈሩን ሲያበጅ የነሱ ገበሬ አማልክት ዘንድሮም ቃላቸውን ጠበቁ ይል ነበር ማለት ነው።

በየዓመቱ የሚመለስ ወንዝ ሰውን ሥርዓት ያስተምራል። ግን ወንዙ ሌላም ነገር ያስተምራል። ጎርፉ ሲመጣ ቦዩን የሚጠርገው፣ ክትሩን የሚያበጀው፣ ውሃውን ከማሳ ማሳ የሚያሳልፈው ሰው ነው። ከላይ ያለው ጎረቤት ውሃውን አለወቅቱ ቢገድበው ከታች ያለው ይራባል። ስለዚህ የኔ እንጀራ በሌላው ሰው እጅ ነው። ግብፆች ወራጅ ውሃን መገደብ ከመግደልና ከመስረቅ ጋር በአንድ የኃጢአት መዝገብ ውስጥ የጻፉት ለዚህ ነው።

የፈርዖን ዋና ሥራም ከዚህ የሚመነጭ ነበር። በቤተ መቅደሶቻቸው ግድግዳ ላይ ንጉሡ በመዳፉ ላይ አንዲት ትንሽ ምስል አስቀምጦ ለአምላኩ ሲያቀርብ ይታያል። ምስሏ ራሷ ላይ የሰጎን ላባ የሰካች የተቀመጠች ሴት ናት፤ ማአት ራሷ ናት። ወርቁ፣ ከብቱ፣ እጣኑ ሁሉ ከቀረበ በኋላ ንጉሡ ለአማልክቱ የሚያቀርበው ከሁሉ የከበረው መባ በምድሪቱ ላይ ፍትሕና ሥርዓት መኖሩ ነበር። አክናተን የተባለው ፈርዖን በ14ኛው መቶ ዓመት ቅ.ል.ክ. የቀድሞዎቹን አማልክት ገሸሽ አድርጎ አንዲቱን የፀሐይ ገበታ ብቻ እንመልክ ያለ ጊዜ እንኳ «በማአት የሚኖር» የሚለውን ቅጽል አልጣለም። አምላክ መለወጥ ተቻለ፤ ያንን ቃል መተው ግን አልተቻለም። ይህ ከአማልክቱ ሥር ሌላ የጠለቀ ነገር እንደነበር የሚያሳይ ይመስለኛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መሸሸግ አይገባም። ማአት የእኩልነት ትምህርት አልነበረም። ሁሉም በየቦታው ይሁን ሲባል ገባር በገባርነቱ፣ ምርኮኛ በባርነቱ ይቆይ ማለትም ነው። በመቃብር ቤቶቻቸው ግድግዳ ላይ ግብሩን ያጎደለ ገበሬ በዱላ ሲመታ ያለ ምንም ኀፍረት ተሥሎ ይገኛል። ይሁን እንጂ ከላይ ያለው ከታች ያለውን እንዲያስብ የሚያስገድድ ሌላ ገጽ ነበረው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ23ኛው መቶ ዓመት ገደማ የኖረውና ወደ ደቡብ አገሮች በተደጋጋሚ የዘመተው ሀርኹፍ የተባለ ሹም አስዋን ባለው መቃብሩ ላይ ሹመቱንና ጉዞውን ብቻ አላስጻፈም። ለተራበ እንጀራ፣ ለታረዘ ልብስ እንደሰጠ፣ ጀልባ የሌለውንም ሰው እንዳሻገረ አስመስክሯል። ይህን መጨረሻውን ልብ ይሏል። ወንዝ መንገድ በሆነበት አገር ጀልባ የሌለው ሰው ከምጽዋት ጠያቂ ተለይቶ አይታይም።

አርባ ሁለት ጊዜ «አላደረግሁም»

ማአት ሃይማኖትን እንዴት እንደቀረጸች በጉልህ የሚታየው በሞት ደጃፍ ነው። ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ አኒ በተባለ ጸሐፊ ስም የተዘጋጀ፣ 24 ሜትር ገደማ ርዝመት የነበረው የፓፒረስ ጥቅልል አለ። የተጻፈው በ1250 ቅ.ል.ክ. ገደማ ነው። ለሟች ከሬሳው ጋር ከሚቀበሩት፣ የኛ ዘመን ሰዎች «የሙታን መጽሐፍ» ከሚሏቸው ጽሑፎች አንዱ ነው። በውስጡ ካሉት ሥዕሎች ዝነኛው የልብ ምዘና ነው።

ታላቅ ሚዛን ቆሟል። በአንደኛው ሳሕን ላይ የሟቹ ልብ፣ በሌላው ላይ የማአት ላባ አለ። የቀበሮ ራስ ያለው አኑቢስ ሚዛኑን ይቆጣጠራል። የወፍ ራስ ያለው ቶት ብዕሩን ይዞ ውጤቱን ይመዘግባል። በስተጀርባ ራሷ የአዞ፣ ወገቧ የአንበሳ፣ የኋላ እግሯ የጉማሬ የሆነ አውሬ ቁጢጥ ብላ ትጠብቃለች። ልቡ ከላባው ከከበደ ትውጠዋለች፤ ያ ሰው ከዚያ በኋላ የለም። ከቀለለ ወይም ከተስተካከለ ሟቹ ወደ ኦሲሪስ ዙፋን ይቀርባል።

ከምዘናው ጋር ሟቹ በአርባ ሁለት ዳኞች ፊት እየቆመ ያላደረገውን ይቆጥራል። አልገደልሁም፣ አላስገደልሁም ይላል። አልሰረቅሁም ይላል። ከዚያ በኋላ ከገበያና ከእርሻ የመጡ ነገሮች ይከተላሉ። የእህል መስፈሪያ እንዳላጎደለ፣ የማሳ ወሰን እንዳልገፋ፣ በሚዛን ላይ እንዳልጨመረና እንዳላዛባ፣ ከሕፃን አፍ ወተት እንዳልነጠቀ፣ ውሃን በወቅቱ እንዳልከለከለ ይናገራል። ለእውነት ቃል ጆሮውን እንዳልደፈነም ይጨምራል። የመጀመሪያ ጊዜ ይህን ያነበብሁ ዕለት የነጋዴው እግር ትዝ አለኝ። ሦስት ሺህ ዓመት ያለፈው ወረቀት ስለኛ ሰፈር እህል ቤት የሚያወራ መሰለኝ። «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» የሚለው የኛ ተረት ለዚያ አገር ሰው ትርጉም አያስፈልገውም ነበር።

ሚዛኑ ለኛም እንግዳ አይደለም። በእስልምናም የፍርድ ቀን ሚዛን አለ። በተአምረ ማርያም የሚተረከውን የበላዔ ሰብን ታሪክ የማያውቅ ክርስቲያንም ጥቂት ነው። 78 ነፍስ የበላው ሰው ስለ ማርያም ስም ለአንድ የተጠማ ድውይ በሰጠው ጥርኝ ውሃ ምክንያት፣ እመቤታችን ጥላዋን በሚዛኑ ላይ ጥላለት ዳነ ይባላል። አንዱ ከሌላው ተወሰደ ለማለት አይደለም። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ሲያስቀምጧቸው ግን ልዩነታቸው ያስተምራል። በኛ ታሪክ ውስጥ ሚዛኑ ላይ ጥላዋን የምትጥል አማላጅ አለች። በግብፆቹ ሥዕል ውስጥ ግን ላባው ላባ ነው፤ ማንም ጣቱን አያሳርፍበትም።

አያሳርፍበትም ይባል እንጂ ሰው መቼም ሰው ነው። ሟቹ ልቡን በምስክርነት እንዳትነሳበት የሚለምንበት ድግምት ነበረ፤ ድግምቱም በድንጋይ ጢንዚዛ ላይ ተቀርጾ በደረቱ ላይ ይቀመጥ ነበር። ጥቅልሎቹም ቢሆኑ ብዙዎቹ የባለቤቱ ስም የሚገባበት ቦታ ባዶ ተትቶ አስቀድመው ተጽፈው የተቀመጡ ናቸው። የከፈለ ስሙን ያስገባል፤ ከዚያ «አልሰረቅሁም» የሚለው ቃል በስሙ ይነበባል። ንጽሕና ከገበያ መገዛት ሲጀምር እሴቱ ቅርፊት ብቻ ይሆናል። ይህ በግብፅ የተጀመረ ወይም በግብፅ የቀረ በሽታ አይመስለኝም።

ዘጠኝ ጊዜ አቤት ያለው ሰው

ማአት ግን የሞት ጉዳይ ብቻ አልነበረም። በግብፆች ሥነ ጽሑፍ ውስጥ እጅግ የምወደው «አንደበተ ርቱዑ ገበሬ» በመባል የታወቀው ታሪክ ነው። ወደ እኛ የደረሱት ጥንታዊ ቅጂዎች የተጻፉት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ19ኛው መቶ ዓመት አካባቢ ነው።

ኩን አኑፕ የተባለ የበረሃ ዳር ነዋሪ አህዮቹን ጭኖ ለመሸመት ይወጣል። በመንገዱ ላይ ነምቲናክት የተባለ የባለሥልጣን ሎሌ አህዮቹን ይመኛቸዋል። መንገዱ ጠባብ ነው፤ በአንድ ወገን ውሃ፣ በሌላው ወገን የገብስ ማሳ ነው። ሎሌው መንገዱ ላይ ጨርቅ ያነጥፍና እንዳትረግጥብኝ ይላል። መንገደኛው ወደ ማሳው ጠጋ ሲል አንዷ አህያ አንድ ጉርሻ ገብስ ትቀነጥባለች። በዚያች ጉርሻ አሳቦ ሎሌው አህዮቹን ነጥቆ ባለቤታቸውን ይደበድበዋል።

ኩን አኑፕ ወደ ሎሌው ጌታ፣ ሬንሲ ወደሚባለው ታላቅ ሹም ሄዶ አቤት ይላል። አነጋገሩ እጅግ ያማረ ስለነበር ሬንሲ ለንጉሡ ይነግራል። ንጉሡም ደስ ብሎት፣ ዝም በለው፣ መልስ አትስጠው፣ ይናገር፣ የሚናገረውም ይጻፍልኝ ይላል። ለሰውዬውም ለሚስቱም ማን እንደላከው ሳያውቁ ቀለብ እንዲደርሳቸው ያዛል። እንዲህም ሆኖ ገበሬው ዘጠኝ ጊዜ ተመላልሶ ይከራከራል፤ በመካከሉም ይገረፋል። ሹሙን በግንባሩ አንተ ራስህ ሚዛን ነህ፣ ሚዛን ካዘነበለ ማን ይመዝናል፣ ሌባን የሚይዝ ሌባ ከሆነ ለማን ይከሰሳል በሚል መንፈስ ይሞግተዋል። በመጨረሻ ይፈረድለታል፤ የሎሌው ንብረትም ለሱ ይሰጣል።

በዛፍ ጥላ ሥር «ተጠየቅ» እየተባባለ ሲሟገት ለኖረ ሕዝብ ይህ ታሪክ ባዕድ አይደለም። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የምንል ሰዎች ነን። ኩን አኑፕም ያነገበገበው ከአህዮቹ ይልቅ ያለ ፍርድ መወሰዳቸው ነው። ታሪኩን ሳነብ የሚያበሳጨኝም አለ። ንጉሡ በንግግሩ ውበት ሲደሰት ባለ ጉዳዩ ደጅ ይጠናል። አቤቱታው ጽሑፍ ሆኖ ለንጉሥ መደሰቻ ሲቀርብ የተገፋው ሰው ጀርባ ገና አልሻረም። የዚህ ጽሑፍ ደራሲ ይህን ሳያውቅ የጻፈው አይመስለኝም።

ቁም ነገሩ ግን ይህ ነው። ኩን አኑፕ ዘመድ የለውም፣ ገንዘብ የለውም፣ ሥልጣን የለውም። መሣሪያው ራሱ ሹሙ አምናለሁ የሚለው ቃል ብቻ ነው። የጋራ እሴት ደካማውን ለኃይለኛው ለማስገዛት እንደሚያገለግል ብዙ ተጽፏል፤ እውነትም ነው። ነገር ግን ያው እሴት ደካማው ኃይለኛውን የሚከስበት ሕግም ይሆናል።

መንግሥቱም ቢሆን ይህን ያውቅ ነበር። የቱትሞስ 3ኛ ዋና ሹም የነበረው ረክሚሬ በ15ኛው መቶ ዓመት ቅ.ል.ክ. ሲሾም የተሰጠው ምክር ቴብስ ባለው መቃብሩ ግድግዳ ላይ ተጽፏል። የምታውቀውን ሰው እንደማታውቀው፣ ቅርብህ ያለውንም እንደሩቁ ተመልከት የሚል ነው። ከሱ በፊት የነበረ ኼቲ የተባለ ሹምም በክፉ ምሳሌነት ይነሳል። ይህ ሰው ለዘመዱ አደላ እንዳይባል በገዛ ዘመዶቹ ላይ ይፈርድባቸው ነበር። ምክሩ ይህንንም ከማአት ያለፈ ግፍ ይለዋል። ላለመታማት ተብሎ የሚሰጥ ፍርድም ፍርድ አይደለም ማለት ነው። ይህን ያህል የረቀቀ ነገር ከሦስት ሺህ አራት መቶ ዓመት በፊት ታስቦ ነበር።

በማአት መንደር የተነሳ አድማ

አሁን ከተረትና ከምክር ወጥተን ወደ መዝገብ እንግባ። በዛሬዋ ሉክሶር ፊት ለፊት፣ ከዓባይ በስተምዕራብ ዴር ኤል መዲና የሚባል የመንደር ፍራሽ አለ። በግንቡ ውስጥ 68 ያህል ቤቶች ነበሩ። ነዋሪዎቹ የነገሥታቱን መቃብር ከቋጥኝ የሚፈለፍሉ፣ የሚቀርጹና የሚሥሉ ባለሙያዎችና ቤተሰቦቻቸው ናቸው። የሥራ ቦታቸው «የማአት ስፍራ» ይባል ነበር፤ ማዕረጋቸውም «በማአት ስፍራ ያሉ አገልጋዮች» የሚል ነበር።

መንደሩ እርሻም ውሃም የሌለበት ደረቅ ሸለቆ ነው። ደመወዛቸው እህል ነበር። አንድ ተራ ሠራተኛ በወር አራት ከረጢት ስንዴ ለዳቦ፣ አንድ ከረጢት ተኩል ገብስ ለጠላ ይሰፈርለት ነበር፤ አንዱ ከረጢት 76 ሊትር ያህል ይይዛል። ዓሣው፣ አትክልቱ፣ ውሃው ሳይቀር ከውጭ ይመጣላቸዋል። ቀለቡ ከቀረ በቤቱ የሚቆፈር ጓሮ የለም።

ራምሴስ 3ኛ በነገሠ በ29ኛው ዓመት፣ በ1157 ቅ.ል.ክ. ገደማ፣ ቀለቡ ቀረ። የሆነውን አመንናክት የተባለ የመንደሩ ጸሐፊ መዝግቦታል፤ ፓፒረሱ በጣሊያን በቱሪን ከተማ ሙዚየም ይገኛል። ሠራተኞቹ መሣሪያቸውን አስቀምጠው የመቃብሩን ክልል አምስት ግንቦች አልፈው ወጡና በቱትሞስ 3ኛ ቤተ መቅደስ ጀርባ ተቀመጡ። ርቦናል፣ ከወሩ 18 ቀን አልፏል አሉ። በማግስቱም ተመልሰው ወጡ። ልብስ የለም፣ ቅባት የለም፣ ዓሣ የለም፣ አትክልት የለም፣ ይህን ለፈርዖንና ለዋናው ሹም ጻፉልን አሉ። ጥቂት ቀለብ ሲሰፈርላቸው ወደ ሥራ ይገባሉ፤ ሲቋረጥ እንደገና ይወጣሉ። አንድ ጊዜ የቴብስ ከንቲባ ሲያልፍ ጮኹበት፤ እሱም የፈርዖን እህል እስኪደርስ መቆያ ብሎ 50 ከረጢት ስንዴ እሰጣችኋለሁ ብሎ ላከባቸው። በጽሑፍ ከተመዘገቡት የሥራ ማቆም አድማዎች ሁሉ የመጀመሪያው ይህ ነው ይባላል።

ከዚህ መዝገብ ውስጥ ሁልጊዜ የሚያስቆመኝ አንድ ነጥብ አለ። በአንደኛው ቀን ሠራተኞቹ የወጣነው ስለ ራብ ብቻ አይደለም፣ በዚህ በፈርዖን ስፍራ ክፉ ነገር ተሠርቷል፣ የምንከስሰው ነገር አለን አሉ። ጉዳዩ ከሆድ ወደ ማአት ተሸጋገረ ማለት ነው። የንጉሡን ዘላለማዊ ቤት የሚሠሩት እጆች የንጉሡን አስተዳደር በራሱ በንጉሡ ሚዛን መዘኑት። የዚያ ንጉሥ የንግሥ ስሙ ኡሰርማአትሬ ነበር፤ የፀሐይ አምላክ ማአት ብርቱ ናት እንደማለት ነው።

እህል በአገሩ ጠፍቶ ነበር ወይ? ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ «የሃሪስ ፓፒረስ» የሚባል ከ40 ሜትር በላይ የሚረዝም ጥቅልል አለ። ራምሴስ 3ኛ በዘመኑ ለቤተ መቅደሶች የሰጠውን መሬት፣ ሰው፣ ከብትና እህል ይዘረዝራል። በአድማው ዓመትም ዋናው ሹም የንጉሡን የ30ኛ ዓመት በዓል ሊያደምቅ የአማልክት ምስሎችን ለመሰብሰብ ወደ ቴብስ መጥቶ ነበር። አማልክቱ ተጓዙ፤ ቀለቡ ግን አልመጣም።

እሴቱ ሲሰነጠቅ

ከአድማው ሦስት ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ በቤተ መንግሥቱ ከባድ ሴራ ተጠነሰሰ። ጢዬ የምትባል ከንጉሡ ሚስቶች አንዷ ልጇን ለማንገሥ ከሹማምንት ጋር ተማክራ በራምሴስ 3ኛ ላይ ተነሳች። በ2012 እ.ኤ.አ. የንጉሡ ሬሳ በራጅ መሣሪያ ሲመረመር ጉሮሮው በጥልቅ መቆረጡ ታየ። የችሎቱ መዝገብ ደግሞ አሳፋሪ ነገር ይዟል። ሴረኞቹን እንዲዳኙ ከተሾሙት መካከል የተወሰኑት ከተከሳሾቹ ጋር ሲጠጡ ተገኙና ጆሮና አፍንጫቸው ተቆረጠ።

ይህ ከሆነ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በራምሴስ 9ኛ 16ኛ ዓመት፣ ቴብስ ላይ የመቃብር ሌቦች ተያዙ። አመንፓኑፈር የተባለ ድንጋይ ጠራቢ ከሰባት ባልንጀሮቹ ጋር የሶበከምሳፍን መቃብር ሰብሮ እንደገባ በዱላ እየተመታ ተናዘዘ። ከንጉሡና ከንግሥቲቱ አስከሬን 160 ደበን፣ ማለትም ከ14 ኪሎ የማያንስ፣ ወርቅ ገፍፈው ስምንት ቦታ ተካፈሉት፤ የሬሳ ሳጥኖቹንም አቃጠሉ። አንድ ጊዜ ተይዞም ነበር። ድርሻውን ሃያ ደበን ለአካባቢው ጸሐፊ ሰጠውና ተለቀቀ። ባልንጀሮቹም እንደገና አካፈሉትና ወደ ሥራቸው ተመለሱ!

ይህን ሳነብ ከነዚያው ከኛው አፍ የሚወጣ ሌላ ተረት ይመጣብኛል፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል»። አንድ ሕዝብ ስለ ጭብጦውም ስለ ሹመቱም በአንድ አፍ እንዲህ ይናገራል። ግብፆችም እንደኛው ሁለት አንደበት ነበራቸው። ሌቦቹም ሆኑ ጸሐፊው ስለ ልብ ምዘናው ከልጅነታቸው ጀምሮ ሰምተዋል። ግን ከላይ ያለው ሰው እንደማይመዘን ካዩ በኋላ ላባው ሥዕል ብቻ ሆነባቸው። እሴት የሚፈርሰው ሰዎች ስለረሱት አይደለም። ቃሉ በሁሉም አፍ እንዳለ ማንም እግሩን ከሚዛኑ ሳያነሳ ሲቀር ነው።

በ1070 ቅ.ል.ክ. ገደማ ያ መንግሥት አበቃ። የሚያስደንቀው ግን ማአት ከመንግሥቱ ጋር አብራ አለመቀበሯ ነው። የሙታን ጥቅልሎች ከዚያ በኋላ ለሺህ ዓመት ገደማ ሲጻፉ ኖሩ። አድማው ከተነሳ ከ900 ዓመት በኋላ፣ አገሪቱን የግሪክ ዘር ያላቸው ነገሥታት ሲገዟት፣ ሠራተኞቹ በነበሩበት በዚያው በዴር ኤል መዲና ለሀቶርና ለማአት መታሰቢያ ቤተ መቅደስ ተሠራ። ቤተ መቅደሱ ዛሬም ቆሟል፤ በግድግዳውም ላይ የልብ ምዘናው ተቀርጾ ይታያል። ቀለብ ያጡት ሰዎች ፈርዖንን የከሰሱበት ስፍራ የፍትሕ ቤተ መቅደስ ሆነ። የሠሩት ሰዎች ስለ አድማው ያወቁ አይመስለኝም፤ ሆኖም ለቦታው የሚገባውን አደረጉ።

የእናትየዋ ጥያቄ

ጀርመናዊው የግብፅ ታሪክ ሊቅ ያን አስማን በ1990 እ.ኤ.አ. ስለ ማአት ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ነገሩን እንዲህ ያየዋል። ማአት ሰው ለሰው መሥራቱ፣ ሰው ሰውን መስማቱ፣ ሰው ለሰው ማሰቡ ነው። ስለዚህ ማአትን የሚያፈርሷት ሦስት ናቸው፤ ሰነፍነት፣ ደንቆሮነትና ስግብግብነት። ሰነፍ የሚባለው ትናንት የተደረገለትን ረስቶ ዛሬ ማድረግ የሚገባውን ያላደረገው ነው። ደንቆሮ የሚባለው ሊሰማ የሚገባውን ያልሰማው ነው። ስግብግቡን እናውቀዋለን።

ይህን ካነበብሁ በኋላ የእህል ቤቱን ነገር መልሼ አሰብሁት። እስከዚያ ቀን ድረስ በዚያ ታሪክ ውስጥ ጥፋተኛው አንድ ሰው ይመስለኝ ነበር። ግብፆቹ ቢመዝኑን ግን ሁለት ልቦች ሚዛን ላይ ይወጡ ነበር። ነጋዴው በስግብግብነቱ ይጠየቃል። እኔስ? እኔ አይቻለሁ። ከኋላዬ አቅመ ደካማ እናት መቆማቸውን አውቃለሁ። ሁለት ኪሎ ጤፍ ለኔ ምንም አይደለም ብዬ ተውሁት፤ ለሳቸው ምን እንደሆነ ግን አልጠየቅሁም። አላጭበረበርሁም፣ አልሰረቅሁም ማለት እችላለሁ። አርባ ሁለቱን ጥያቄ ስቆጥር ብዙዎቹን ባልፋቸውም «ለእውነት ጆሮዬን አልደፈንሁም» ከሚለው ላይ ስደርስ አንደበቴ ይታሰራል።

የጋራ እሴት የሚባለው ነገር ሃይማኖትን ሠርቷል፣ መንግሥትን አቁሟል፣ ድንጋይ አስጠርቦ ቤተ መቅደስ አስገንብቷል። ይህ ሁሉ ግን የሚጀምረው ከትንሽ ነገር ነው። አንድ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ቃሉን መጥራት አለበት። ኩን አኑፕ ጠራው። የዴር ኤል መዲና ሠራተኞች ጠሩት። ነጠላ የተከናነቡት እናት ጠሩት። ከሁሉም ሠራዊት አልነበራቸውም።

ባለፈው ወር ወደዚያው እህል ቤት ሄጄ ነበር። ነጋዴው አወቀኝ መሰለኝ፣ ማዳበሪያዬን ሚዛን ላይ ሲያወጣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸት አለ። እኔም አጎንብሼ እግሩን አየሁ። ከዚያ ቀና ብዬ ከኋላዬ የተሰለፉትን ሰዎች አየሁና ከመሄድ ይልቅ የሚቀጥለው ሰው እስኪመዘንለት ድረስ እዚያው ቆሜ ቆየሁ።